«አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ በጉጉትና በስጋት የሚጠብቃት አንዲት ወረቀት አለች። ደም ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ቆይቶም የቫይረሱ መጠን ውጤት ይመጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ አብዛኛው ሰው የሚነገረው ውጤት «ቫይረሱ አልታየም» የሚል ነው። የጤና ባለሙያው «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። በእርግጥም ደስ ሊል ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። «ካልታየማ ድኛለሁ፤ ታዲያ ይህን ኪኒን እስከ መቼ ነው የምውጠው?» የሚለው ሐሳብ፣ በተለይ መድኃኒቱን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመታት የወሰደን ሰው፣ እየተመላለሰ ይፈትነዋል።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የዓለማችን ታላላቅ የቫይረስ ተመራማሪዎችም እ.አ.አ በ1990ዎቹ አጋማሽ ራሳቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ መልሱን በላቦራቶሪ ፈልገው ማግኘታቸው፣ አንዳንድ ታካሚ ግን መልሱን በራሱ አካል ላይ ሊሞክረው መነሣቱ ነው። መድኃኒቱን ለራሱ ያቆምና «ምን እሆናለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ለተወሰኑ ሳምንታት ምንም አይሆንም። እንዲያውም ደህና እንደሆነ ይሰማዋል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ኤች አይ ቪን ከሰውነት ጨርሶ ማስወጣት እስካሁን ለምን እንዳልተቻለ እናስረዳለን። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ኪኒኑን የሚውጠው «ውሰድ» ስለተባለ ብቻ አይሆንምና።

ኤች አይ ቪ በራሱ መባዛት የማይችል እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ለመባዛት የሰው ሕዋስ ያስፈልገዋል። ዋና ዒላማው ደግሞ ሲዲ ፎር በመባል የሚታወቀው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ የሰውነትን የመከላከል ሥራ የሚያስተባብር በመሆኑ ቫይረሱ ጥቃቱን የሚጀምረው ከወታደሮቹ አዛዥ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ የራሱን መመሪያ ሕዋሱ ወደሚጠቀምበት ዓይነት፣ ማለትም ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጠዋል። ከዚያም የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ቆርጦ የራሱን ቁራጭ በመካከሉ ይሰፋዋል።

የሰው ዘረመል ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ያሉት መጽሐፍ ነው ብለን ብናስብ፣ ቫይረሱ የሚጨምረው 10 ሺህ የማይሞሉ ፊደላትን ብቻ ነው። በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት መጻሕፍት በአንዱ ላይ፣ በዚያው ቀለምና በዚያው የእጅ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ተጨምሯል እንደማለት ነው። ሕዋሱ ያን አንቀጽ የራሱ አድርጎ ያነበዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕዋሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ጽሑፉም ይኖራል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያውቀውን ሌላ በሽታ ማነፃፀር ይጠቅማል። ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ቫይረስም ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ጉበትን ያጠፋል፤ ይገድላልም። ሆኖም ዛሬ አብዛኞቹ የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ኪኒን ወስደው ጨርሰው ይድናሉ። «ያ ከዳነ ይሄስ ለምን አይድንም?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ መመሪያውን በሰው ዘረመል ውስጥ አይሰፋም። መባዛቱ ከተቋረጠ ያለው ሁሉ አልቆ ይጠፋል። ኤች አይ ቪ ግን ቅጂውን አስቀምጧል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። በአገራችን ብዙ ታካሚዎች የሚወስዷት በቀን አንዴ የምትዋጠው ኪኒን በውስጧ ሦስት መድኃኒቶችን ይዛለች። እነዚህም ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቫይረሱ መመሪያውን ወደ ዲ ኤን ኤ እንዳይገለብጥ ያግዱታል። ሦስተኛው የተገለበጠው ቁራጭ በሕዋሱ ዘረመል ላይ እንዳይሰፋ ይከለክላል። ልብ ይበሉ! ሦስቱም የሚጠብቁት ገና ያልተነኩትን ሕዋሳት ነው። ቀድሞ የተሰፋውን የሚፈታ፣ የተጻፈውን የሚፍቅ ግን ከሦስቱ አንድም የለም። መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የተሠራበት ዓላማ ሌላ ነው።

ታዲያ ቫይረሱ የገባባቸው ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሞተው አያልቁም ወይ? አብዛኞቹማ ይሞታሉ። ቫይረስ በማምረት ላይ ያለ ሲዲ ፎር ሕዋስ ብዙ ቀን አይቆይም። መድኃኒት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በፍጥነት የሚወርደውም ለዚህ ነው። እ.አ.አ በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ሲጀመር ሐኪሞች ያዩት ይህን ነበር። ለሞት የተቃረቡ ሰዎች ከአልጋ ተነሡ። ያኔ የቀረቡ ስሌቶች ሕክምናው ለሁለትና ለሦስት ዓመታት ያህል ሳይቋረጥ ቢቀጥል ቫይረሱ ከሰውነት ተጠርጎ ሊወጣ እንደሚችል ያመላክቱ ነበር። የዓለም ጋዜጦችም ተስፋውን አስተጋቡ።

ተስፋው ግን ዓመት ያህል እንኳን በሙሉ ልብ አልቆየም። እ.አ.አ በ1997 በአሜሪካ የሚገኙ ሦስት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች፣ ከእነዚህም መካከል በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ሲሊሲያኖ ቡድን፣ ተመሳሳይ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። በደማቸው ውስጥ ቫይረሱ የማይታይባቸውን ታካሚዎች ሕዋሳት ወስደው በላቦራቶሪ ሲቀሰቅሷቸው ኤች አይ ቪ ሕያው ሆኖ ወጣ። ሞተ የተባለው ተኝቶ ነበር።

የተኛባቸውን ሕዋሳት ማንነት ማወቅ የዚህን በሽታ ክፋት ሁሉ ያሳያል። ሰው በልጅነቱ የኩፍኝ ክትባት ሲወስድ ሰውነቱ ያንን ጠላት ለአሥርተ ዓመታት ያስታውሳል። ይህን የሚያደርጉት ከውጊያ በኋላ ወደ ዕረፍት የሚመለሱ፣ ትውስታን የያዙ ሕዋሳት ናቸው። ሥራቸው ረጅም ዕድሜ መኖር፣ ዝም ብሎ መጠበቅና ጠላት ሲመለስ መንቃት ነው። አንዳንድ ሲዲ ፎር ሕዋሳት ቫይረሱ ከገባባቸው በኋላ ሳይሞቱ ወደዚህ ዕረፍት ይመለሳሉ። ሕዋሱ ሲተኛ ቫይረሱም አብሮት ይተኛል። ምንም አያመርትም፤ በሕዋሱ ገጽ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። መድኃኒቱ የሚያግደው እንቅስቃሴ የለም። የሰውነት ተከላካይ ኃይልም «ጠላት አለ» የሚልበት ማስረጃ አያገኝም። ለመከላከል የተፈጠረው የሰውነት ትውስታ የጠላት መደበቂያ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ጥቂት ናቸው። በመድኃኒት ላይ ባለ ሰው ከሚያርፉት አንድ ሚሊዮን ያህል ሲዲ ፎር ሕዋሳት ውስጥ ሊነቃ የሚችል ቫይረስ የያዘው አንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያ አንዱ ከጎረቤቱ ሕዋስ በምንም አይለይም። የሚገኘውም በደም ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ፣ በጣፊያ፣ በሊምፍ ዕጢዎች ተበትኗል። የቫይረስ መጠን ምርመራው የሚቆጥረው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ያለውን ሊያይ አይችልም፤ እንዲያይም አልተሠራም። እንግዲህ ወረቀቷ «አልታየም» ስትል ውሸት አልተናገረችም። «የለም» አላለችም እንጂ።

የሲሊሲያኖ ቡድን የእነዚህን ሕዋሳት አሟሟት ፍጥነት ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ እ.አ.አ በ2003 ያወጣው ስሌት ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ቁጥራቸው በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት ያህል ይፈጃል። በዚህ ፍጥነት ሁሉም አልቀው እንዲጠፉ ከተፈለገ አንድ ሰው መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳያጓድል ከ70 ዓመታት በላይ መውሰድ ይኖርበታል። ከዚያም ወዲህ ነገሩ ከዚህ የባሰ መሆኑ ታይቷል። ያረፈው ሕዋስ ለሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የቀድሞ ጠላቱን ለመዋጋት ሲነሣና ለሁለት ሲከፈል በውስጡ የተሰፋውን የቫይረስ ጽሑፍም አብሮ ይገለብጠዋል። ቫይረሱ ራሱ ሳይባዛ የተደበቀበት ቤት ይባዛለታል። ይህንንም መድኃኒቱ አያቆመውም።

የተኛ ቫይረስ ምን ማለት እንደሆነ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ ማን አለ? በልጅነት ሽፍታ አውጥቶ ያለፈ የመሰለ ቫይረስ በነርቭ ሥር ተደብቆ ኖሮ፣ ሰውነት ሲደክም ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ወገብ ወይም ደረት ላይ እንደ እሳት ይወጣል። ልዩነቱ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ሲቆም እርጅናን አለመጠበቁ ነው። መድኃኒት ካቆሙ ሰዎች በአብዛኞቹ ቫይረሱ ተመልሶ በደም ውስጥ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው።

ቀድሞ መጀመር መደበቂያውን ያጠፋዋል ብለው ተስፋ ያደረጉም ነበሩ። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት እ.አ.አ በ2010 የተወለደች አንዲት ሕፃን በተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ ጠንከር ያለ ሕክምና ተጀመረላት። በ18 ወሯ ገደማ ሕክምናው ተቋረጠ። ከወራት በኋላ ወደ ሐኪም ስትመለስ ቫይረሱ አልተገኘባትም። እ.አ.አ በ2013 ዜናው በዓለም ላይ ሲሰማ ብዙ ወላጆች «እውነት ነው?» ብለው ወደ ጤና ተቋማት ሄደው ይሆናል። ሕፃኗ ያለ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በላይ ቆየች። በ2014 ግን ቫይረሱ ተመለሰ። በ30 ሰዓት ውስጥ እንኳን ቫይረሱ መደበቂያ አግኝቶ ነበር ማለት ነው።

«በጀርመን አገር የዳነ ሰው አለ ይባላል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዎ፣ አለ። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ በበርሊን የሚኖር አሜሪካዊ በኤች አይ ቪ ላይ የደም ካንሰር ያዘው። ሐኪሙ ጌሮ ሁተር የካንሰሩን ሕክምና በጥበብ አቀነባበረው። ኤች አይ ቪ ወደ ሕዋስ ለመግባት ከሲዲ ፎር በተጨማሪ ሲሲአር ፋይቭ የምትባል ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል። ጥቂት ሰዎች ከሁለቱም ወላጆቻቸው በወረሱት የዘረመል ለውጥ ምክንያት ይህች በር የላቸውም። ሐኪሙ ከእንዲህ ያለ ለጋሽ መቅኔ ፈልጎ እ.አ.አ በ2007፣ ካንሰሩ በማገርሸቱም በ2008 ድጋሚ ንቅለ ተከላ አደረገለት። የብራውን አሮጌ የደም ሕዋሳት ከነቫይረሳቸው ጠፍተው በር በሌላቸው አዲስ ሕዋሳት ተተኩ። መድኃኒቱን አቁሞ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። እ.አ.አ በ2020 ሲሞት የገደለው ያገረሸው ካንሰር እንጂ ኤች አይ ቪ አልነበረም።

ከእርሱ በኋላ በለንደን፣ በጀርመን ዱሰልዶርፍ፣ በአሜሪካ፣ በጄኔቭ ተመሳሳይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ቁጥራቸው ግን ዛሬም በጣት የሚቆጠር ነው። ለምን ለሌላው አይደረግም? አንደኛ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ንቅለ ተከላውን ያደረጉት ካንሰር ስለያዛቸው ነው። የራስን መቅኔ በኬሚካል አጥፍቶ የሌላ ሰው መትከል ራሱ ሰው የሚሞትበት ሕክምና ነው። በቀን አንዲት ኪኒን ወስዶ ሥራውን እየሠራ ልጁን እያሳደገ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማዘዝ ሕክምና ሳይሆን ወንጀል ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት እኛን በቀጥታ ይነካል። ያቺ በር የሌላቸው ሰዎች በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ በአፍሪካውያን ዘንድ የሉም ማለት ይቻላል። ከጥቁር አፍሪካዊ ወገን የሚስማማና በር አልባ ለጋሽ መፈለግ ባሕር ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው።

የጄኔቩ ሰው የተለየ ነው። ለጋሹ ያ የዘረመል ለውጥ አልነበረበትም፤ ሆኖም ቫይረሱ ሳይመለስ ቆይቷል። አዲሱ ደም አሮጌውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እስከ መጨረሻው ሕዋስ አሳድዶ ሳያጠፋው አልቀረም የሚል ግምት አለ። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ግን ቦስተን ውስጥ ተመሳሳይ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። «ድነዋል» ተብሎ ከተነገረ በኋላ እ.አ.አ በ2013 ቫይረሱ በሁለቱም ላይ ከወራት ቆይታ በኋላ ተመልሷል። አንድ ሰው ሲድን ሁለት ሰው ያልዳነበትን ምክንያት ሳያውቁ «መድኃኒት ተገኘ» ማለት አይቻልም። አንዳንድ መገናኛ ብዙኃን፣ እኛንም ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን ዜና በትልቅ ርዕስ፣ የሁለተኛውን በትንሽ ማእዘን የምናወጣበት ልማድ ለታካሚው ጥሩ አይደለም።

ተመራማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዱ መንገድ የተኛውን ቫይረስ በመድኃኒት ቀስቅሶ ከተደበቀበት ማውጣትና መግደል ነው። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ቫይረሱን ሲያነቁ ታይተዋል። የነቁት ሕዋሳት ግን እንደታሰበው አልሞቱም፤ የተደበቀው ቫይረስ ክምችትም አልቀነሰም። ሁለተኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቫይረሱ ለዘለዓለም እንዳይነቃ በተኛበት መቆለፍ። ሦስተኛው በዘረመል መቀስ የተሰፋውን ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ነው። በአሜሪካ በሰው ላይ የተሞከረው የዚህ ዓይነት ሕክምና እ.አ.አ በ2024 በቀረበው ውጤት መሠረት ከባድ ጉዳት አላስከተለም። መድኃኒታቸውን ባቆሙት ተሳታፊዎች ላይ ግን ቫይረሱ ተመልሷል። መቀሱ ይቆርጣል፤ ችግሩ በመላ አካል የተበተነውን እያንዳንዱን ሕዋስ ማግኘቱ ላይ ነው። ከአንድ ሺህ ቅጂ 999ኙን ማጥፋት በሌላ በሽታ ድል ነበር። እዚህ የቀረችው አንዷ እሳቱን መልሳ ታቀጣጥለዋለች።

በዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ ቀረብ ያለ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ ደርባን ተደርጓል። 20 ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ቫይረሱን የሚይዙ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላትና የመከላከል አቅምን የሚያነቃቃ መድኃኒት ተሰጥቷቸው በቅርብ ክትትል ሥር ሕክምናቸው እንዲቆም ተደረገ። በአብዛኞቹ ላይ ቫይረሱ ተመለሰ። ጥቂቶቹ ግን ያለ መድኃኒት ለብዙ ወራት ቆይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ክብደቱ ግን ሌላ ነው። እስካሁን የፈውስ ምርምር በአብዛኛው የተካሄደው በበለፀጉ አገሮች በሚኖሩ ወንዶች ላይ ነው። በደርባን ያለው የቫይረስ ዝርያ በኢትዮጵያም በብዛት የሚገኘው ሲ የተባለው ዝርያ ነው። በአፍሪካ ቫይረሱ ካለባቸው የሚበዙት ደግሞ ሴቶች ናቸው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም ከእንዲህ ያለው ሥራ ዳር ቆመው ውጤት የሚጠብቁ ሊሆኑ አይገባም የሚል እምነት አለን። ፈውሱ አንድ ቀን ሲመጣ ለእኛ የማይሠራ ሆኖ እንዳይመጣ ከወዲሁ በምርምሩ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ወገኖች ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም ወዲህ የብዙዎች ሕይወት ተርፏል። ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚቀርብ መድኃኒትም ነው። ግዢው በአመዛኙ የቆመው በውጭ ድጋፍ ላይ ነው። እ.አ.አ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተፈጠረውን ድንጋጤ ያስታውሷል። ፈውስ ፍለጋው ቅንጦት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። እስኪገኝ ድረስም አገር በራሷ በጀት የምትሸፍነው ድርሻ እያደገ መሄድ አለበት።

አሁን ወደ እርስዎ እንመለስ። ሳይንቲስቶች «መድኃኒቱን እያቆምን እየጀመርን ብንሰጥስ?» የሚለውንም ሞክረዋል። በ33 አገሮች ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። መድኃኒታቸውን ያቋርጡ የነበሩት ሰዎች ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ የመሞትና በተጓዳኝ በሽታ የመያዝ አደጋቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ በመገኘቱ ጥናቱ እ.አ.አ በ2006 ከጊዜው አስቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። እነዚያ ሰዎች በሐኪም ክትትል ሥር ነበሩ። ለብቻው ያቆመ ሰው ያ ክትትል እንኳን የለውም። እንደገና የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ወይም የማይቆም ተቅማጥ ይዞት ነው። በዚያ ላይ እያቋረጡ መውሰድ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ይሰጠዋል።

«እኛ እንፈውሳለን» የሚሉም አልጠፉም። እ.አ.አ በ2007 የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ በዕፅዋት ቅመም ኤች አይ ቪን እንደሚፈውሱ አውጀው፣ ታካሚዎች ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዲያቆሙ አድርገዋል። የሞቱ አሉ። የተረፉት፣ እርሳቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ እ.አ.አ በ2018 ፍርድ ቤት ከሰዋቸዋል። በአገራችንም በጓዳ ቅመም የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዘዴያቸውን አሁን ሊረዱት ይችላሉ። መድኃኒቱን በደንብ ሲወስድ የኖረ ሰው ቅመሙን ጠጥቶ በሳምንቱ ቢመረመር ውጤቱ «አልታየም» ይላል። ያ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ቅመም ሻጩ ነው።

ጠበልን በተመለከተ የምንለው ሌላ ነው። ጸበልተኛ ሆኖ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል እንዳልሆነ የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው በአደባባይ አስተምረዋል። ጸሎትዎን ይጸልዩ፣ ጠበልዎን ይጠመቁ፤ ሲሄዱ ግን ኪኒንዎን ይዘው ይሂዱ። «መድኃኒቱን ጣለው» የሚል አጥማቂ ቢገጥምዎ የአባቶችን ትምህርት የጣሰው እርሱ ነው።

በቅርቡ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚሰጠው ሌናካፓቪር የተባለ መርፌ ብዙ ይወራል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት መርፌውን ከወሰዱት መካከል አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ግን ዜናው ያልተያዘን ሰው ከመያዝ ስለመጠበቅ ነው። የተሰፋውን የሚፈታ መርፌ አይደለም።

«አልታየም» የሚለው ውጤት ታዲያ ትንሽ ነገር ነው ወይ? በጭራሽ! ውጤትዎ እንዲህ ሆኖ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉም። ይህን የዓለም ጤና ድርጅትም አረጋግጧል። ተከታትለው ከወሰዱ ቫይረሱ እንደሌለበት ሰው የተቃረበ ዕድሜ ይኖራሉ፤ ያገባሉ፤ ይወልዳሉ። ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ግን ክትትሏን ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግራ መያዝ ይኖርባታል። ይህ ሁሉ የሚቆየው ግን ኪኒኗ እስካለች ድረስ ነው። ከሰለቸዎ መሰልቸትዎን ለባለሙያው ይንገሩት፤ ነውር የለውም። ውጤታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር አለ። ምልልሱ ነው ያስመረረዎ? ይጠይቁ። መድኃኒቱ የጎንዮሽ ችግር ካመጣብዎ የሚለወጥበት መንገድ አለ። አንድ ቀን ቢረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት ደርበው አይዋጡ።

ይህን እያነበቡ መድኃኒትዎን አቁመው ከሆነ፣ ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ ሕመም እስኪጀምርዎ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ካርድዎን ይዘው ወደ ነበሩበት ጤና ተቋም፣ እዚያ መመለስ ካሳፈረዎም ወደ ሌላ ይሂዱ። ያቋረጡበትን ጊዜ በትክክል ይናገሩ፤ የሚሰጥዎ መድኃኒትና ምርመራ በእርሱ ይወሰናልና። ካርዱ ከጠፋም ያለ ካርድ ይሂዱ።